ሃምሳ ቁጥር ዘይት በታኅሣሥ

ኢታና ቂም መያዝ ይችልበታል። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ ረስቶት ይተኛል። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «እሺ» ይልና ነገሩን ሆዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሚስቱ ደሚቱ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ያንን ፈገግታ አምስት ጊዜ ያህል አይታዋለች፤ አምስቱንም ጊዜ አንድ ሰው ሳይጎዳ አልቀረም። ስድስተኛው ባለፈው ሰኔ መጣ። ያመጣውም ስድብ ወይም ዱላ ሳይሆን «መገመት» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ኢታና ከሰንጋ ተራ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ የጄኔሬተር ሠራተኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ያስነሳል፣ ሲመጣ ያጠፋል፣ በመሃሉ ነዳጅና ዘይት ይከታተላል። ሥራው ይኸው ነው፤ በወረቀት ቢጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም። እሱ ግን ከሕንፃው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከአንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሞተሩ ሲያስለው ከምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሲያጨስም ከጭሱ መልክ በሽታውን ይለያል። ተከራዮቹ ስሙን አያውቁትም። ማሽኑንም እሱንም «ጄኔሬተሩ» ነው የሚሏቸው። «ጄኔሬተሩ ምሳ ሄዷል» ሲባል እየሰማ ልቡ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ትልቁ ኩራቱ ዘይት ማወቁ ነበር። ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት በጡብ ላይ አጋድሞ አስቀምጧል። ዘይት ሲገዛም ሲቀይርም ከላይ በጣቱ አንዲት ጠብታ ያኖርና እታች እስክትደርስ ይቆጥራል። ያው አንድ ዘይት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ ያስቆጥረዋል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሃያ አይሞላም፤ ትኩሱን ከሞተሩ ሆድ ሲቀዳው ደግሞ ሦስት ሳይል እታች ነው። ይህን ለጥበቃውም፣ ሻይ ለምታመጣለት ሴትም፣ መንገድ ጠፍቶት ለገባ ተከራይም ሳይታክት ያሳይ ነበር። ሰው ሁሉ «ወፍራም ዘይት ጠንካራ ነው» ይለዋል። «ወፍራም ሰው በጠዋት ስምንት ፎቅ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?» ይላል እሱ። «መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ዘይትም ከላይ ያለው ብረት ጋ በጊዜ ካልደረሰ ወፈረ ቀጠነ ምን ይጠቅመኛል?»

የአዲስ አበባን ብርድም የተማረው ከዚያው መስታወት ነው። ሰው ብርድ ሲባል ዝናቡንና ጭቃውን ያስባል። መስታወቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በክረምት ደመናው ከተማዋን ሸፍኗት ስለሚያድር ዘይቱ ያን ያህል አይወፍርም። ጉዱ ያለው በበጋው ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ዕለት፣ ጠዋት ጠብታዋ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አልሄድም ትላለች። ስለዚህ ኢታና ዓመቱን ሙሉ በአርባ ቁጥር ዘይት ይቆይና በነዚያ ወራት ወደ ቀጭኑ ሠላሳ ቁጥር ይወርዳል። ወፍራሙን ሃምሳ ቁጥር ሞተሩ ቀምሶት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሰብለወንጌል የምትባል ወጣት መሐንዲስ የሕንፃው የቴክኒክ ኃላፊ ሆና መጣች። የልደታ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ሥራዋን ትወዳለች፣ ሰው ታከብራለች። ኢታናን «ጋሼ» ሳትል ጠርታው አታውቅም። ይህ ከወዲሁ ይነገር፤ በኋላ ለእሱ ጥፋት ማቅለያ የሚሆን ሰበብ እንዳይፈለግ።

በሰኔ አንድ ቀን ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ገባችና ወለሉን አየች። ከመስታወቱ የተንጠባጠበው ዘይት ሲሚንቶውን አብለጭልጮታል። «ጋሼ ኢታና፣ ይኼ አንድ ቀን ያንሸራትትዎታል» አለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ወይንሀረግንም ጠርታ መስታወቱን እንድትጥለው አዘዘቻት። ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገ አንድ ወረቀት አወጣች።

«ከእንግዲህ መገመት አያስፈልግዎትም» አለችው። «ሁሉንም ከሞተሩ መጽሐፍ ላይ ተርጉሜልዎታለሁ።»

ወይንሀረግ ከኋላ ሳቅ አለች። ምናልባት ሌላ ነገር አስቋት ይሆናል፤ ኢታና ግን አልጠየቃትም። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው እውቀት «መገመት» ተብሎ በአንዲት ቃል ተጠርጎ ሲወጣ ጆሮው ጋለ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ክረምት፦ ሠላሳ ቁጥር። በጋ፦ ሃምሳ ቁጥር። ሞተሩ በተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭነት፣ ማለትም የሕንፃው መብራትና ሊፍት፣ ይሰጠዋል» ይላል።

ስህተቱን ወዲያው አየው። መጽሐፉ የተጻፈው በረዶ ከሚጥልበት አገር ነው። እዚያ «ዊንተር» የሚሉት ውሃ የሚረጋበትን ወቅት ነው። ልጅቱ ደግሞ ትምህርት ቤት እንደተማረችው፣ ሁላችንም እንደተማርነው፣ ዊንተርን ክረምት፣ ሰመርን በጋ ብላ ተረጎመች። በዚያ አገር ብርዱ በዊንተር ነው፤ በእኛ ክረምት ዝናብ እንጂ ብርድ አይነግሥም። ወረቀቱ ከዓመቱ ሁሉ በጣም በሚበርዱት ወራት በጣም ወፍራሙን ዘይት ያዛል ማለት ነው።

«ኢንጂነር፣ እኛ አገር ብርዱ በበጋ ነው» ቢላት ያልቅ ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ወይንሀረግ መስታወቱን አቅፋ ስትወጣ አየና መልሶ ዋጠው። ፈገግ አለ። «እሺ» አለ። «አንብቤ ተረድቻለሁ» ከሚለው ሥርም ፈረመ።

ማታ ቤት ሲገባ ደሚቱ ፈገግታውን አየችና ደነገጠች። ደሚቱ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ የምትሸጥ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት።

«አባ ሴና፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» አለችው፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ።

ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ ንገራታ» አለችው።

«ትማርበት። ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ሁለት ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል። ሕንፃው ጨለማ ይሆናል፤ ባለቤቱ አቶ ሀብተሥላሴ ምንድን ነው ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ማን እንደሚገምት፣ ማን እንደሚያውቅ እሱ ፊት እናገራለሁ።»

«የልጅቷ እንጀራ ነው እኮ።»

«የኔስ ስም?»

«ሞተሩስ?» አለችው ደሚቱ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል በገዛ እጁ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰና ሃምሳ ቁጥሩን ሞላ። ዘይቱ ከጀሪካኑ አፍ እየተጎተተ ሲወርድ ለታመመ ሰው የማይስማማውን ምግብ እያጎረሰ መሰለው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ጠብታ ሞላው። በጥቅምት መብራት የሚጠፋው ቀን ቀን ስለነበር ምንም አልሆነም። እንዲያውም ወፍራሙ ዘይት የአሮጌውን ሞተር ኳኳታ አፈነለት።

«አዩ ጋሼ? ድምፁ ለስልሷል» አለችው ሰብለወንጌል ደስ ብሏት።

«ለስልሷል ኢንጂነር» አለ።

ኅዳር ገባ። ብርዱ መጣ፤ መብራቱ ግን ጠዋት ጠዋት አልጠፋ አለ። ኢታና በየማለዳው ቀድሞ እየመጣ ሞተሩን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ደስ ይለዋል፣ አምፖሉ እንደበራ ሲያይ ይከፋል። ከተማው ሁሉ መብራት አይጥፋብን ሲል አንድ ሰው ብቻውን አጥፋልኝ ይል ነበር። በልደታ ማርያም በኩል ሲያልፍ እንደ ልማዱ ይሳለማል፤ ይህን ልመናውን ግን እዚያ በር ላይ አፉን ሞልቶ ሊያወጣው አፈረ። ማፈሩ ደግሞ ጥሩ ሰው አላደረገውም፤ ልመናውን ቆርቆሮ ቤቷ ደርሶ ይቀጥል ነበር።

አንድ ጠዋት ሰብለወንጌል እጇን እያፋተገች ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲበርድ ዘይቱ ምንም አይሆንም?»

ራሷ እበሩ ድረስ መጥታለት ነበር። አንድ ቃል ቢያቀብላት የቀረውን እሷ በጨረሰችው። ኢታና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የገባው፤ እኔ አልገምትም» አላት። እሷም ሽሙጡ አልገባትም። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ሄደች።

የሚጠብቀው ጠዋት በታኅሣሥ አጋማሽ መጣ። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ ስላደረ የቆሙት መኪኖች ጣሪያ ላይ ውርጭ ቢጤ ይታይ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ኮሌጅ ፈተና ስለነበረው ተማሪው ገና በማለዳ ሕንፃውን ሞልቶታል። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ድርግም አለ።

ኢታና ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ አቃሰተ። ደገመው፣ አቃሰተ። ሠለሰው። በአራተኛው ጥቁር ጭስ እየተፋ ተነሳ። የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው መርፌ ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ላይ ቆመ። ያልገባው ሰው ቢያየው ግፊቱ እንዴት ጥሩ ነው ይላል። ኢታና ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሜክሲኮ ላይ የታክሲ በር ይዘው የሚጋፉትን አስቧቸው፤ ግፊያው ኃይለኛ ነው፣ የሚገባ ግን የለም። የረጋው ዘይት ፓምፑ አፍ ላይ ተጨናንቋል፤ ከላይ ያሉት ብረቶች ደርቀው እርስ በርስ እየተፋጩ ነው።

መድኃኒቱን ያውቀዋል። ጭነት ሳይሰጡት አሥር ደቂቃ ባዶውን በቀስታ ማሞቅ ነው። ዘይቱ ይላላል፣ ይቀጥናል፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። እጁን አጣጥፎ ቆመ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ኢታና» አለች ሰብለወንጌል። «ሊፍት ውስጥ ነኝ፣ አራተኛና አምስተኛ መሃል። አምስት ተማሪዎች አብረውኝ አሉ። ሞተሩ ተነስቶ ከሆነ ጭነቱን ይስጡልኝ።»

ኢታና መርፌውን አየ። አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ሞተሩ ይተርፋል፤ መብራቱም ይመጣል። ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉም ወደ ሥራው ይገባል፤ ከሰኔ ጀምሮ የጠበቀው ነገር ሁሉ ገደል ይገባል። ይህን ሁሉ ለማሰብ የፈጀበት ጊዜ ጉሮሮውን ለማጥራት ከሚበቃው አይበልጥም።

«እሺ ኢንጂነር፣ እንደ ወረቀቱ» አለና ትልቁን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋው።

ስምንቱ ፎቅ በአንድ ጊዜ ሞተሩ ጫንቃ ላይ ተከመረ። መብራቱ በራ፤ ከላይ የተማሪዎች ሆታ ተሰማ። ሞተሩ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተሸከመ፤ ሊፍቱ ግን ገና አልተንቀሳቀሰም ነበር። ከዚያ ከሆዱ አንድ ኳኳታ መጣ፤ ኢታና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ። በሰኔ ያሰበው ሞተሩ አልነሳም ይላል ብሎ እንጂ ይሞታል ብሎ አልነበረም። እጁን ወደ ማጥፊያው ሲወረውር ሞተሩ ቀደመው። ብረት ከብረት ተናከሰ፣ ቆርቆሮ ቤቷ ተንቀጠቀጠች፣ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫውን ሞላው። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈና አለቀሰ። ማንን እንዳጣ ያን ጊዜ ነው የገባው። የገደለውም ራሱ ነው።

የሊፍቱን በር ፈልቅቀው እነ ሰብለወንጌልን ለማውጣት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። ስትወጣ ፊቷ በላብ ርሷል፤ ሸሚዟ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ውሃ ሳትጠጣ ሮጣ ወደ ቆርቆሮ ቤቷ መጣች። ኢታና ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለችው። ስለ ሞተሩ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሀብተሥላሴ ሁለቱንም ስምንተኛ ፎቅ ቢሮው አስጠራቸው። ፍሬምናጦስ የሚባል ከሌላ ጋራዥ የተጠራ መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ አይቶ ነበር። ዋናው ዘንግ ከነማቀፊያው ተፋፍቆ አንድ ሆኗል፤ አይጠገንም አለ። ከሞተሩ የቀዳውን ዘይት በጠርሙስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይኼ ለአፋር በረሃ ነው» አለ። «በታኅሣሥ ጠዋት ይኼን ሞልቶ ወዲያው ጭነት መስጠት ሞተሩን አንቆ መግደል ነው። ማን ነው ያዘዘው?»

«እኔ» አለች ሰብለወንጌል። ወረቀቷን ከፊቷ አነሳች። አነበበች። ደግማ አነበበች። ቀለሟ ሲለወጥ ኢታና ከጎኗ ሆኖ አየ። «ዊንተር የሚለውን… ክረምት ብዬ…» አለችና ወረቀቱን አስቀመጠችው።

ከሰኔ ጀምሮ ያለማት ደቂቃ ይህች ነበረች። ንግግሩ ተዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው ቃል ምላሱ ላይ ነው። ስለ መስታወቱ ሊናገር ነው፣ ስለ ጠብታዋ፣ ስለ ኅዳርና ጥር ጠዋቶች። የሚያውቀው ማን እንደሆነ ዛሬ ይለያል። ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ሀብተሥላሴም ልክ ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞረ።

«ኢታና፣ አንተ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ነህ። ዘይት በብርድ እንደሚወፍር ታውቅ ነበር?»

ኢታና አውቅ ነበር ካለ፣ ታዲያ ለምን ሞላኸው ይባላል። ለምን ዝም አልክ፣ ለምን ጭነት ሰጠኸው ይባላል። ሰው ሊፍት ውስጥ ታስሮ እያለ እያወቀ ሞተር የገደለ ይሆናል፤ ጡረታው ሊደርስ የቀረው አንድ ዓመት ተኩል ነው። አላውቅም ካለ ደግሞ ሕይወቱን ሙሉ ያጠራቀማትን አንዲት ነገር በገዛ አፉ ይክዳታል። ፍሬምናጦስ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቀስ በቀስ መቅጠን ጀምሯል፤ ይህን ከአራቱ ያስተዋለው ኢታና ብቻ ነው።

«አላውቅም ነበር ጌታዬ» አለ።

ፍሬምናጦስ በንቀት ፊቱን አዞረ። ሰብለወንጌል ግን ቀና አለች።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ እባክዎ ጋሼ ኢታናን አይጠይቋቸው። እሳቸው በምን ያውቃሉ? አልተማሩትም፤ የሰጠኋቸውን ነው የሠሩት። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለ አቶ ሀብተሥላሴ። «ከሱ ምን ይጠበቃል?» ከዚያ ወዲያ ወደ ኢታና አልዞረም፤ የተናገሩትም ሁሉ እሱ እዚያ እንደሌለ ያህል ነበር።

በሳምንቱ ሰብለወንጌል ከሥራ ተባረረች። የሚመጣው ጄኔሬተር ራሱ የሚነሳ፣ ራሱ የሚጠፋ እንዲሆን ተወሰነ። ኢታና ጡረታው እስኪደርስ የቆርቆሮ ቤቷን በር እየከፈተ እንዲዘጋ ተባለ፤ ዘይት እንዳይነካም በደብዳቤ ተጻፈለት። ደሚቱ የሆነውን ሰምታ፣ እራት አቅርባለት ወደ ጓዳ ገባች፤ እስኪነጋም አልጋው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰብለወንጌል የቀረ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ፣ ካርቶኗን እንደያዘች ልትሰናበተው ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ለእናቷ እስካሁን እንዳልነገረቻት፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ የምትሄድ መስላ እንደምትወጣ ነገረችው። ከዚያ ካርቶኑን አስቀመጠች።

«በኔ ስህተት በእርጅናዎ አስጠየቅሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «አንድ ነገር ሳላስረዳዎት ብሄድ ግን ይከነክነኛል። አዲሱ ማሽን ሲመጣ የሚጠቅምዎት ነው። ቅቤ ያውቃሉ አይደል ጋሼ? ብርድ ላይ ሲያድር እንዴት ይሆናል?»

ኢታና አሁን የሚያውቀውን ቢነግራት፣ መቼ እንዳወቀ ትጠይቀዋለች።

«ይረጋል» አለ።

«እሳት ሲያገኝስ?»

«ይፈሳል።»

«የሞተር ዘይትም እንደዚያው ነው» አለችና ጎንበስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስረገጠች፣ በጣቷ አየር ላይ እየሳለች አስረዳችው። ጠዋት ለምን እንደሚከብድ፣ ቀትር ላይ ለምን እንደሚቀል፣ ብርዱ በየትኛው ወር እንደሚበረታ። አልተቻኮለችበትም። እሱም እንደ አዲስ ሰው «አሃ» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

«እስኪ ይድገሙልኝ፤ እንዳይጠፋብዎት» አለችው።

ኢታና መሬት መሬት እያየ፣ «ሲበርድ ይወፍራል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል» አላት።

«ጎበዝ ጋሼ» አለችና እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ካርቶኗን አንስታ ወጣች።